አለቃው ፉቱራን ጠየቀ፣ ወጣቱ ዩኒቨርስን አመጣ

በ1950ዎቹ አጋማሽ ግድም ነው፤ ቦታው ፓሪስ። ገና ሠላሳ ያልሞላው አንድ ስዊዘርላንዳዊ ዲዛይነር ከሚሠራበት የፊደል ፋብሪካ አለቃ ትእዛዝ መጣለት። ትእዛዙ ከባድ አልነበረም። ገበያ ላይ በደንብ የሚሸጠውን ፉቱራ የሚባል ፊደል ለአንድ አዲስ ማሽን እንዲያመቻች ነበር። ወጣቱ ግን ፉቱራ ለዚህ ሥራ አይሆንም አለ። ከመሳቢያው የራሱን ንድፍ አወጣ። ከዚያ ንድፍ 21 አባላት ያሉት የፊደል ቤተሰብ፣ ማለትም አንዱ ንድፍ በተለያየ ውፍረትና ስፋት፣ ተወለደ። ወጣቱ አድሪያን ፍሩቲገር ነው፤ ፊደሉ ደግሞ ዛሬ ዩኒቨርስ ብለን የምናውቀው።

ይህን ጉዳይ የመረጥኩት ፎንት የሚሠሩ ወጣቶቻችንን አስቤ ነው። «ሥራዬን ለማን ላሳይ? እንዴትስ ላሳይ?» የሚለው ጥያቄ ከአፋቸው አይጠፋም። ለዚህ ጥያቄ ከፍሩቲገር ታሪክ የተሻለ መልስ አላውቅም። እኔ እንደማየው ፋብሪካውን ያሳመነው የፊደሉ ውበት ብቻውን አይደለም። ፋብሪካው የያዘው ጭንቅ ነበር። የልጁ ንድፍ ለዚያ ጭንቅ መውጫ ሆኖ ተገኘ። ከታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ልጁ ከየት መጣ?

ፍሩቲገር በ1928 በስዊዘርላንድ በርን ካንቶን፣ ኢንተርላከን አጠገብ በምትገኘው ኡንተርዜን ተወለደ። አባቱ ሸማኔ ነበር። ልጁ ልቡ ያለው ቅርጻ ቅርጽ ላይ ነበር። አባቱ ግን በዚያ እንጀራ አይበላም ብሎ አልተስማማም። ስለዚህ ልጁ በ1944 ኢንተርላከን ውስጥ አንድ ማተሚያ ቤት ገብቶ ፊደል ለቃሚነት ይማር ጀመር።

በብርሃንና ሰላም ዘመን የነበሩ የኅትመት ሰዎች ፊደል ለቃሚ ምን እንደሆነ አይጠፋቸውም። የእርሳስ ፊደሎችን አንድ በአንድ ከሳጥናቸው ያነሳል። በግልባጭ ያነባቸዋል። መስመር ያደርጋቸዋል፣ ከታተመ በኋላ ደግሞ መልሶ ይበትናቸዋል። ፍሩቲገር ይህን ለአራት ዓመት ሠራ። ፊደልን በወረቀት ላይ ከመሳሉ በፊት በጣቱ ያውቀው ነበር ማለት ነው። በኋላ ፋብሪካ ውስጥ ከባለሙያዎቹ ጋር እንደ ሙያ አጋር ሊነጋገር የቻለው በዚህ ይመስለኛል። ይህን ነገር ቀላል አድርገን ማየት የለብንም። ፎንት የሚገዛ ወይም የሚያሳትም ሰው መጀመሪያ የሚያጣራው፣ ፊቱ የቆመው ልጅ ፊደሉ በመጨረሻ የት ገብቶ ምን እንደሚሆን ማወቁን ነው።

ከዚያ ከ1949 እስከ 1951 ዙሪክ በሚገኘው የጥበባት ትምህርት ቤት ተማረ። ሁለት ትልልቅ መምህራን ነበሩት፤ ቫልተር ኬኽና አልፍሬድ ቪሊማን። ኬኽ ያስተማረው ነገር ለጉዳያችን ቁልፍ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

የላቲኑን «ኦ» በኮምፓስ ሳሉት። ዙሪያውን በሙሉ አንድ ዓይነት ውፍረት ስጡት። በማስመሪያ ሲለካ ልክ ነው። ለዓይን ግን ልክ አይመጣም። ላይኛውና ታችኛው ክፍል ከጎንና ከጎኑ ወፍሮ ይታያል፤ ዓይናችን አግድም መስመርን ከቋሚው አወፍሮ ነው የሚያየው። እኩል እንዲመስል ከፈለጋችሁ አግድሙን ማቅጠን አለባችሁ። በዚህም አያበቃም። ክቡ ፊደል ከጎኑ ካለው «ኤን» ጋር እኩል ቁመት ያለው እንዲመስል ከላይም ከታችም ከመስመሩ ትንሽ አለፍ ማለት አለበት። ልክ መስመሩ ላይ ከቆመ ያነሰ ይመስላል። ኬኽ ተማሪዎቹን ያሰለጠነው ይህን እንዲያዩ ነው። የመጨረሻው ዳኛ ኮምፓሱ አይደለም፣ ዓይን ነው።

ፍሩቲገር በዚህ ትምህርት ላይ ሆኖ ጫፉ ላይ ጭረት የሌለው፣ ማለትም የሳንስ ሰሪፍ ፊደል ንድፎች ሠርቶ ነበር። ማንም አላዘዘውም፤ የተማሪ ልምምድ ነው። ንድፎቹን ግን አልጣላቸውም።

የመመረቂያ ሥራው ሌላ ነው። የአውሮፓ ፊደል ከጥንት ጀምሮ እንዴት እየተለወጠ እንደመጣ የሚያሳዩ ገጾችን በእንጨት ላይ ቀረጸ። በእንጨት ሲቀረጽ ፊደሉ በግልባጭ መሆን አለበት፤ በፊደሉ ዙሪያ ያለው እንጨት ተፍቆ ይወጣና ፊደሉ ብቻ ከፍ ብሎ ይቀራል። አንዲት መዳለጥ መስመሩን በሙሉ ታበላሻለች። ሥራው በ1951 እንደ ትንሽ እትም ታተመና ፓሪስ የሚገኘው የደበርኒ ኤ ፔኞ ፊደል ፋብሪካ አለቃ የሻርል ፔኞ እጅ ገባ። ፔኞ ያየው እጅን ነው። ጥድፊያ የሌለበት፣ ታሪኩን የሚያውቅ እጅ። በ1952 ልጁን ቀጠረው። ፍሩቲገር ያኔ 24 ዓመቱ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በሩን ያስከፈተለት የሚሸጥ ፎንት አልነበረም። የሳንስ ሰሪፍ ንድፎቹ ተራቸው ገና ነው።

ፋብሪካው

ደበርኒ ኤ ፔኞ ተራ ድርጅት አልነበረም። አንደኛው ሥሩ ደራሲው ባልዛክ በ1827 ገንዘቡን ካፈሰሰበት የፊደል ማቅለጫ ይጀምራል። ባልዛክ በንግዱ ከሰረ፤ ማቅለጫው የወዳጁ የማዳም ደ ቤርኒ ልጅ እጅ ገብቶ አደገ። ሌላኛው ሥሩ የፔኞ ቤተሰብ ነው። ከዚህ ቤተሰብ አራት ወንድማማቾች በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሞቱ፤ ፓሪስ ውስጥ በስማቸው የተሰየመ መንገድ አለ። ሁለቱ ፋብሪካዎች በ1923 ተዋሃዱ። ሻርል ከሞቱት ወንድሞች የአንዱ፣ የጆርጅ ልጅ ነው።

ሻርል ፔኞ አዲስ ነገር የሚደፍር ሰው ነበር። በ1929 ገና የ28 ዓመት ወጣት የነበረውን የፖስተር ሠዓሊ ካሳንድርን አምኖ ቢፉር የተባለ ፊደል አወጣ። ቢፉር የፊደሉ ግማሽ አካል በቀጫጭን መስመር የተተካበት፣ ለማንበብ የሚያስቸግር፣ ለማስታወቂያ የታሰበ ነገር ነበር። ያንን ያሳተመ ሰው የወጣት ሐሳብ አያስደነግጠውም። በእኔ እምነት የጉዳዩ ግማሽ እዚህ ላይ ነው። ንድፉን የሚያቀርበው ሰው የቱንም ያህል ቢዘጋጅ፣ ፊት ለፊቱ የተቀመጠው ሰው ከዚህ በፊት ምን አውጥቷል የሚለው ብዙ ይናገራል። ሥራችሁን ይዛችሁ ከመሄዳችሁ በፊት የቤቱን የቀድሞ ካታሎግ አንብቡ።

ፍሩቲገር እንደተቀጠረ የራሱን ሥራ ይዞ አልሮጠም። ፋብሪካው የፈለገውን ሠራ። ፕሬዚዳንት የተባለ ለአድራሻ ካርድና ለደብዳቤ ራስጌ የሚሆን ትልልቅ ሆሄ፣ ቀጥሎ ፌቡስ፣ ቀጥሎ ኦንዲን። እነዚህ የዘመኑ የማስታወቂያና የአነስተኛ ኅትመት ገበያ የሚጠይቃቸው ነበሩ። በሙያ ሕይወቱ ትልቁ ሥራ አይባሉም። ግን የፋብሪካውን መንገድ ከንድፍ እስከ እርሳስ አስተማሩት፤ አለቃውም ይህ ልጅ የጀመረውን እንደሚጨርስ አየ።

ጭንቁ

በዚያው ሰሞን የኅትመት ዓለም ሥሩ ይናጋ ጀምሮ ነበር። ሬኔ ኢጎኔና ሉዊ ሟሩ የሚባሉ ሁለት ፈረንሳውያን መሐንዲሶች ፊደልን በእርሳስ ፋንታ በብርሃን የሚለቅም ማሽን ፈለሰፉ። አሜሪካ ውስጥ ፎቶን ተባለ፤ ፈረንሳይ ውስጥ ሉሚታይፕ። በ1953 አሜሪካ ውስጥ ስለ ነፍሳት የተጻፈ አንድ መጽሐፍ በዚህ ማሽን ተለቅሞ ታተመ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፊደሎቹ የሚሽከረከር ዲስክ ላይ ይቀመጣሉ። የሚፈለገው ፊደል መብራቱ ፊት ሲደርስ መብራቱ ብልጭ ይላል። ብርሃኑ በፊደሉ ቅርጽ አልፎ፣ በሌንስ መጠኑ ተስተካክሎ ፊልም ላይ ያርፋል። ዲስኩ አይቆምም፤ ብልጭታው በጣም ፈጣን ስለሆነ ፊደሉ የቆመ ይመስላል።

ለእርሳስ ፊደል ፋብሪካ ይህ ማሽን ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ፋብሪካው የሚኖረው እርሳስ በኪሎ እየሸጠ ነው። እያንዳንዱ ፊደል በእያንዳንዱ መጠን ለብቻው ይቀረጻል፣ ለብቻው ይቀልጣል፣ ለብቻው ይሸጣል። በብርሃን ከሆነ ግን አንድ ንድፍ በሌንስ ትንሽም ትልቅም ይሆናል። ፔኞ ማሽኑን ከመሸሽ ይልቅ አብሮት መሥራትን መረጠ። የሉሚታይፕን ፊደሎች የማዘጋጀቱን ሥራ ፋብሪካው ያዘ። ፍሩቲገርም ጋራሞንን፣ ባስከርቪልን፣ ቦዶኒን የመሳሰሉ ነባር ፊደሎችን ለዲስኩ እንደገና ይስል ጀመር።

ከሳንስ ሰሪፍ ወገን ደግሞ አንድ ያስፈልግ ነበር። ፔኞ ፉቱራን አለ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ፓውል ሬነር የሠራው ፉቱራ በ1927 ፍራንክፈርት ከሚገኘው ከባወር ፋብሪካ ወጥቶ ዓለምን አዳርሷል። ፈረንሳይ ውስጥ «ዩሮፕ» በሚል ስም የሚሸጠውም ራሱ ደበርኒ ኤ ፔኞ ነበር። የለመደ ገበያ አለ፣ የታወቀ ስም አለ። ነጋዴ ከዚህ ሌላ ምን ይላል?

ያልታዘዘው ንድፍ

ፍሩቲገር ፉቱራ ለዚህ ማሽን እንደማይስማማ አሰበ። ፉቱራ የኮምፓስና የማስመሪያ ልጅ ነው። ለርዕስ ያምራል። ለረጅም ንባብ ግን ኬኽ ዙሪክ ውስጥ ያስተማረው ዓይነት፣ ለዓይን የተስተካከለ ፊደል የተሻለ ነው ብሎ ያምን ነበር። ልብ በሉ፣ ይህን ብሎ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። እምቢታውና አማራጩ አንድ ላይ ቀረቡ። የተማሪነቱ ንድፎች የወጡት ይኼኔ ነው።

የቀረበው ነገር ደግሞ ከተለመደው ለየት ይላል። «ሞንድ» (ዓለም) የሚለውን የፈረንሳይኛ ቃል ወስዶ ደጋግሞ ሳለው። አንዱ ቀጭን፣ አንዱ መደበኛ፣ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ጠበብ ያለ፣ አንዱ ሰፋ ያለ። ለጊዜው የፊደሉም ስም ይኸው ነበር፤ ሞንድ።

ይህን ወረቀት በፋብሪካ ባለቤት ዓይን እንየው። ፊደላት በሙሉ የተደረደሩበት ገጽ የሚያሳየው ምን ያህል እንደተለፋ ነው። ይህኛው ግን ደንበኛው የሚጠቀምበትን ነገር ያሳያል። ያው ቃል በቀጭኑ የመጽሐፍ ጽሑፍ ይሆናል፣ በወፍራሙ ርዕስ፣ በጠባቡ የባቡር ሰዓት ሠንጠረዥ። ሁሉም ግን ወንድምና እህት መሆናቸው ያስታውቃል። የትንንሾቹ ፊደሎች ቁመት በሁሉም አንድ ስለሆነ አንድ መስመር ላይ ብትቀላቅላቸው አይጋጩም።

እስከዚያ ዘመን ድረስ ፊደሎች እንዲህ አልነበረም የሚወለዱት። አንድ ፊደል ይወጣል። ከተሸጠ ከዓመታት በኋላ ወፍራሙ ይጨመርለታል፣ ከዚያ ጠባቡ፤ አንዳንዴም በሌላ ሰው እጅ። በዚያ ዘመን የስዊዘርላንድ ዲዛይነሮች የሚወዱት አክሲደንስ ግሮቴስክ ጥሩ ምሳሌ ነው። እዚህም እዚያም ተሰብስቦ የተገነባ ስለነበር ቀጭኑና ወፍራሙ ጎን ለጎን ሲሆኑ መልካቸው አይገጥምም። ፍሩቲገር ቤተሰቡን በሙሉ ከመጀመሪያው ቀን አንድ ላይ እናቅደው ነው ያለው።

ከማሽኑ ጋር ያለው ዝምድና እዚህ ላይ ይመጣል። በእርሳስ ይህን ያህል ዓይነት በየመጠኑ መቅረጽ ለማንም ከባድ ወጪ ነው። በሉሚታይፕ ግን አንዱ ንድፍ ሁሉንም መጠን ስለሚሰጥ፣ ከመጠን የተረፈው ልፋት በዓይነት ብዛት ላይ ሊውል ይችላል። ሐሳቡ ለማሽኑ የተሰፋ ነበር። ለዚህ ነው ፔኞ እሺ ያለው ብዬ የማምነው። አዲሱን ማሽን እንዲሸጥ የሚያደርግ፣ ሌላ ማንም የሌለው ነገር ቀረበለት። ፔኞ ደግሞ ከዚያም አልፎ ሄደ፤ ቤተሰቡ በብርሃን ብቻ ሳይሆን በእርሳስም እንዲቀረጽ ወሰነ። የእሱም ድፍረት ከልጁ ድፍረት ባልተናነሰ ሊወራለት ይገባል።

ስሙ ዩኒቨርስ ሆነ። ከዓለም ወደ ጠፈር አደገ ማለት ነው።

ሠንጠረዡ

አሁን የምወደው ክፍል ላይ ደረስኩ። 21 አባላት ሲኖሩ ምን ብለህ ትጠራቸዋለህ? ፈረንሳዩ «ዴሚ ግራ» የሚለው፣ ጀርመኑ «ሃልብፌት» የሚለው፣ እንግሊዙ «ቦልድ» የሚለው ውፍረት ከአገር አገር፣ ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያይ ነበር። ፍሩቲገር ስሞቹን ትቶ ቁጥር ሰጣቸው።

ቁጥሩ ሁለት አኃዝ አለው። የመጀመሪያው ውፍረትን ይናገራል፤ 3 በጣም ቀጭን ነው፣ 8 በጣም ወፍራም። ሁለተኛው ስፋትንና አቋቋምን ይናገራል። 3 ሰፊ፣ 5 መደበኛ፣ 7 ጠባብ፣ 9 በጣም ጠባብ። ጎዶሎ ቁጥር ቀጥ ብሎ የቆመ ነው፤ ሙሉ ቁጥር ያዘነበለ። ስለዚህ 55 የቤተሰቡ እምብርት ነው፤ ሌሎቹ ሁሉ የሚለኩት ከእሱ ነው። 56 ያው ሆኖ ያዘነበለ። 67 ወፈር ያለ ጠባብ። 83 ከሁሉም የወፈረ፣ ሰፊ። ከላይ ወደ ታች ውፍረት፣ ከግራ ወደ ቀኝ ስፋት ተደርጎ ሲደረደር አንድ ገጽ ላይ ሙሉ ካርታ ይሆናል። ፋብሪካው ይህን ካርታ ዋና ማስታወቂያው አደረገው። ደንበኛው ገና አንዲት መስመር ሳያነብ የሚገዛው ነገር ስፋቱ ይገባዋል።

ሥራው ግን ካርታውን እንደመሳል ቀላል አልሆነም። ብርሃን ሹል ማዕዘንን ያሟልላል። በፊልም ላይ ሲያርፍ ጥጉ ይከብባል፣ ቀጭኑ መስመር ይበላል፣ ሁለት መስመሮች የሚገናኙበት ብብት ይደፈናል። ስለዚህ ለዲስኩ የሚሳሉት ፊደሎች ጥጋቸው ከልክ በላይ ሹል ተደርጎ፣ ብብታቸው ተፈልፍሎ ይሳላሉ። በትልቁ ወረቀት ላይ አስቀያሚ ናቸው፤ ታትመው ሲወጡ ነው ልክ የሚመጡት። ፋብሪካው ውስጥ አንድ ቡድን ይህን ለእያንዳንዱ ፊደል፣ ለእያንዳንዱ ዓይነት ሠርቷል። አንድ ሰው ያቀረበው ሐሳብ በብዙ እጅ ነው ሥጋ የለበሰው።

ይህን ወደ ግእዝ ፊደል ስናመጣው ሌላ መልክ ይይዛል። 33ቱ ሆሄያት በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው። የ21 አባላት ቤተሰብ ለመሥራት የሚነሳ ሰው 4,851 ቅርጽ ይጠብቀዋል፤ እነ «ሏ»ን እና «ቋ»ን፣ አኃዞቹንና ሥርዓተ ነጥቡን ሳንቆጥር። ችግሩ ደግሞ ብዛት ብቻ አይደለም። «ጠ»ን፣ «ሐ»ን፣ «ጨ»ን ተመልከቱ። ሦስት ሦስት እግር አላቸው። ስታወፍራቸው እግሮቹ መሃል ያለው ነጭ ይጠፋል። ስታጠብባቸው ከዚያ ይብሳል። «ነ» ወይም «ር» ግን ይህን ሁሉ አያውቁም። ስለዚህ የእኛን ወፍራም ፊደል በኮምፒዩተር አስገድዶ ማወፈር ዓይን ያስለቅሳል። የግእዝ ቤተሰብ መሥራት የሚፈልግ ወጣት ሲጀምር «ሀ»ን ከማሳመር በፊት «ጠ» እና «ነ»ን በቀጭን፣ በመደበኛና በወፍራም ጎን ለጎን ቢስል ብዬ እመኛለሁ። የፍሩቲገር «ሞንድ» ወረቀት የሠራው ይህንኑ ነው። ከባዱን ጥያቄ ቀድሞ መልሶ ማሳየት።

ገበያው

ዩኒቨርስ በ1957 ወጣ። ዓመቱ የሚገርም ነው። በዚያው ዓመት ከስዊዘርላንዱ ሃስ ፋብሪካ ማክስ ሚዲንገርና ኤድዋርድ ሆፍማን ያዘጋጁት ኖየ ሃስ ግሮቴስክ ብቅ አለ፤ በ1960 ሄልቬቲካ ተብሎ ስሙ ተቀየረ። ከባወር ፋብሪካም ፎሊዮ መጣ። ሦስቱም ለአንድ ጥም የቀረቡ ነበሩ። ሄልቬቲካ በስም ዝና ቀድሟል። በቤተሰብ አስተሳሰብ ግን ዩኒቨርስን የሚስተካከል አልነበረም። ለዚህ ትልቁ ምስክር ሄልቬቲካ ራሱ ነው። በ1983 ኖየ ሄልቬቲካ ተብሎ ሲታደስ የተከተለው የፍሩቲገርን የቁጥር ሥርዓት ነው።

ስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ ውስጥ ታይፖግራፊ የሚያስተምረው ኤሚል ሩደር ፊደሉን ገና ሲወጣ ጀምሮ አስተዋወቀው። ተማሪዎቹም በዩኒቨርስ ሠሩ። የፊደል መልቀሚያ ማሽን ሠሪው ሞኖታይፕ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወሰደውና ለራሱ ማሽን አዘጋጀው። በዚህ ጊዜ ፊደሉ ትንሽ ተጎዳ። የሞኖታይፕ ማሽን የፊደሎችን ስፋት በ18 ክፍል ብቻ ነው የሚያስተናግደው፤ ስለዚህ አንዳንዱ ፊደል ከተፈጥሮው ጠበበ፣ አንዳንዱ ሰፋ። በ1966 የወጣው የአይቢኤም ኮምፖዘር የተባለው ታይፕራይተር ደግሞ ከዚህም ጠባብ ነበር፤ 9 ክፍል ብቻ። ፍሩቲገር እዚያም ገብቶ በተሰጠው ልክ ሰፋው።

በ1972 ኦትል አይኸር የሙኒክን ኦሎምፒክ መልክ ሲሠራ ዩኒቨርስን መረጠ። ምሩጽ ይፍጠር በ10,000 ሜትር፣ ማሞ ወልዴ በማራቶን ነሐስ ባመጡበት ኦሎምፒክ አቅጣጫ ጠቋሚውም፣ ፖስተሩም በዚህ ፊደል ነበር። ለንደን የምትኖሩ ደግሞ ዌስትሚንስተር ውስጥ የመንገድ ስም የተጻፈባቸውን ነጫጭ ሰሌዳዎች ቀና ብላችሁ እዩ። በጥቁር የተጻፈው የመንገዱ ስም ጠባቡ፣ ወፍራሙ ዩኒቨርስ ነው።

የፓሪስ አዲሱ የሮይሲ አውሮፕላን ማረፊያ ፊደል ሲፈልግ ወደ ፍሩቲገር መጣ። ዩኒቨርስን መስጠት ይችል ነበር። ለሩቅ ንባብና ለሚጣደፍ መንገደኛ ግን ዩኒቨርስ የተዘጋ ነው ብሎ አሰበ፤ አዲስ ፊደል ሳለ። በ1976 ለገበያ ሲቀርብ ፍሩቲገር ተብሎ በስሙ ተጠራ።

ፋብሪካውስ?

ደስ የማይለው ክፍል ይህ ነው። ጥሩ ፊደል ፋብሪካውን አላዳነውም። የእርሳስ ገበያ እየሞተ ሄደ፣ ሉሚታይፕም የተጠበቀውን ያህል አልሆነም። ደበርኒ ኤ ፔኞ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በሃስ ተጠቀለለ። ሃስ ማለት የሄልቬቲካ ቤት ነው። ፍሩቲገር ቀደም ብሎ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የራሱን ስቱዲዮ ከፍቶ ወጥቷል።

ብርሃን ሌላም ጣጣ አመጣ። የእርሳስ ፊደል ለመስረቅ መቅረጽና ማቅለጥ ያስፈልጋል። በፊልም ግን የታተመን ገጽ ፎቶ አንስቶ መቅዳት ይቻላል። ፔኞ ይህን ቀድሞ አይቶ በ1957፣ ዩኒቨርስ በወጣበት ዓመት፣ ዓለም አቀፉን የታይፖግራፊ ማኅበር አቋቋመ። ዋና ጉዳዩ የፊደል ባለቤትነት መብት ነበር። ጥረቱ በ1973 ቪየና ላይ እስከተፈረመ ስምምነት ድረስ ሄደ። ስምምነቱ ግን በቂ አገሮች ስላላጸደቁት ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። ፎንታቸው ያለፈቃድ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የሚያዩ ልጆቻችን የሚያነሱት ቅሬታ ይኸው ነው። ንድፋችሁን ለማንም ከመላካችሁ በፊት ቀን ያለበት ቅጂ አስቀምጡ። ውል ስትፈርሙ ደግሞ ፊደሉ ወደፊት ወደ ሌላ ዓይነት ማሽን ሲሄድ ምን ድርሻ እንደሚኖራችሁ ጠይቁ። ዩኒቨርስ ከእርሳስ ወደ ፊልም፣ ከፊልም ወደ ታይፕራይተር፣ ከዚያም ወደ ኮምፒዩተር ተሻግሯል፤ በየመሸጋገሪያው አዲስ ባለቤት ነበር።

በ1990ዎቹ መጨረሻ የፊደል ኩባንያው ላይኖታይፕ ፊደሉን እንደገና ለመሥራት ሲነሳ ፍሩቲገር ወደ 70 ዓመቱ ተጠግቶ ነበር። ሥራው ላይ አብሮ ተቀመጠ። የ18ና የ9 ክፍል ጥበት የለም፣ ብርሃን የሚበላው ጥግ የለም። ማሽኖቹ ያጣመሟቸው ፊደሎች ወደ መጀመሪያው ንድፍ ተጠግተው ተሳሉ። ቤተሰቡ 63 አባላት ሆነ፤ ሁለት አኃዝ አልበቃ ስላለ ቁጥሩ ሦስት አኃዝ ሆነ።